ማግኔት፦ ሲስብና ሲገፋ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ማግኔት ነው።

ማግኔት ከእኛ የራቀ ነገር አይደለም። ይህን ንግግር በምታሰማችሁ ራዲዮ ውስጥ አለ። ድምፅ የሚወጣበት እስፒከር ከኋላው ማግኔት አለው። ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ፣ ጥቁር ድንጋይ የሚመስል ቀለበት አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው።

እስቲ እንሞክረው። ምስማር አስጠጉለት፤ ይስበዋል። መርፌም ይስባል። ገለባ ውስጥ መርፌ ቢጠፋባችሁ በእሱ ፈልጉ። የመዳብ ሽቦ፣ የወርቅ ቀለበት፣ የሸክላ ስባሪ ግን አይስብም።

ማግኔት ሁለት ዋልታ አለው። አንዱ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ይባላል። ሰሜንና ደቡብ ሲቀራረቡ ይሳሳባሉ። ሰሜን ከሰሜን፣ ወይም ደቡብ ከደቡብ ሲቀራረቡ ግን ይገፋፋሉ። ሁለት ማግኔት ካላችሁ አንዱን ገልብጡና እዩ። እጃችሁ ላይ ግፊቱ ይሰማችኋል። ማግኔት ለሁለት ቢሰበርስ? ሰሜኑ ብቻውን፣ ደቡቡ ብቻውን አይቀርም። እያንዳንዱ ስባሪ ሁለቱንም ዋልታ ይይዛል።

ዋልታዎቹ ሰሜንና ደቡብ የተባሉት ለምንድን ነው? ረዘም ያለ ማግኔት መሃሉን በክር አስራችሁ ብታንጠለጥሉት፣ ዞሮ ዞሮ አንዱ ጫፉ ወደ ሰሜን ያመለክታል። መሬት ራሷ ትልቅ ማግኔት ናትና። ይህን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1600 ዊልያም ጊልበርት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በመጽሐፉ ጽፎታል።

እናቶችና አባቶች፣ አሁን የምለውን ልብ በሉ። በአንዳንድ አሻንጉሊትና ጌጣጌጥ ውስጥ ትናንሽ፣ ግን በጣም ኃይለኛ ማግኔቶች አሉ። ሕፃን ልጅ ሁለቱን ቢውጥ ሆዱ ውስጥ ይሳሳባሉ። በመካከላቸው የገባውን አንጀት ጨምቀው ይበሱታል። ልጁ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሕፃናት እጅ አርቁ። የዋጠ ልጅ ካለ «ሆዱን አላመመውም» ብላችሁ አትቆዩ። በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የዋጠው ማግኔት መሆኑንም ተናገሩ።

አሁን እርሳሳችሁን አንሱ። እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፦ ማግኔት፣ ዋልታ፣ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ይስባል፣ ይገፋል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ይህን ገጽ ለቤተሰባችሁ ድምፅ አሰምታችሁ አንብቡላቸው። ማንበብ የጀመረ ሰው ያነበበውን ለሌላው ያካፍላል።

ደህና ሁኑ።