«ገለባውን የት አደረጋችሁት?»
በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር

ምሳው እንዳይቀዘቅዝባችሁ አጠር አድርጌ እናገራለሁ።

አዘጋጆቹ «ጥራጥሬ ለአካባቢ ስላለው ጥቅም ንገረን» አሉኝ። ጥቅሙንማ እዚሁ ግቢ ነው የተማርነው። በባቄላ ሥር ላይ ባሉት ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። እብጠቱ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሥር እያስነቀሉ ያሳዩን መምህር ትዝ ይሏችኋል። በሌላ በኩል በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። እሱን ለማምረት ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ይፈጃል። ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላም ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ዩሪያን የሚቀንስ ሰብል አካባቢን ይጠቅማል፤ እስከዚህ ሁላችንም እንስማማለን።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ከተመረቅሁ ብዙም ሳልቆይ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ እሠራ ነበር። በሙከራ ማሳችን ከባቄላ ቀጥሎ የተዘራው ስንዴ በግማሽ ዩሪያ አማረ። ደስ ብሎኝ ገበሬዎቹን «ከባቄላ በኋላ ዩሪያውን በግማሽ ቀንሱ» አልኳቸው። በዓመቱ ሁለት ሦስት ማሳ ላይ ስንዴው ቢጫ ሆነ። አንድ አዛውንት ከማሳቸው ዳር አቁመውኝ፣

«ልጄ፣ እናንተ ገለባውን የት አደረጋችሁት?» አሉኝ።

«እዚያው ማሳው ላይ ተውነው፣ አባባ።»

«እኛማ ወደ ቤት ነው የምንወስደው። ከብቱ ምን ይብላ?»

ልክ ነበሩ። እህሉ ገበያ ይሄዳል፣ ገለባውን ከብት ይበላዋል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል። ለማሳው የሚተርፈው በሥሩና በረገፈው ቅጠል ያለው ነው። እኔ የገባውን ቆጥሬ የወጣውን ሳልቆጥር ነበር የመከርኩት።

ስለዚህ በምርምር ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ባቄላን በአንድ ክረምት ብቻ አትመዝኑት፤ ሙሉውን ፈረቃ ስንዴ በየዓመቱ ከሚዘራበት ማሳ ጋር አነጻጽሩ። ባቄላ የስንዴን በሽታና አረም ዑደት ስለሚሰብር፣ ናይትሮጅኑ ብዙ ባይተርፍ እንኳ የሚያተርፈው ነገር አለ። ሁለተኛ፣ ገለባውንና እበቱን እስከ ጓዳ ድረስ ተከተሉ። ሦስተኛ፣ ጥራጥሬም ከጋዝ ነጻ አይደለም፤ ቅሪቱ በዝናብ ሲበሰብስ እሱም ናይትረስ ኦክሳይድ ያወጣል። ያንንም ቁጠሩት።

ዛሬም ባቄላ ዝሩ እላለሁ። ዩሪያውን ስንት እንቀንስ ሲሉኝ ግን መጀመሪያ ስለ ገለባው እጠይቃለሁ። ያን ዓመት የኔን ስህተት በምርታቸው የከፈሉት እሳቸው ናቸው፤ የኔ ደመወዝ አልተነካም።