የጀግኖች መጽሔትና ለልጆቻችን የገባነው ቃል
(በማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶችና ሕፃናት፤ በቅድሚያ እንኳን ለማኅበራችን 25ኛ ዓመት በዓል በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን። «በሰላም» ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ እዚህ ሪያድ ሰፈር በር ለበር እየተጠራራን ቡና የምንጠጣው ሰዎች ገሚሳችን ወደ ገዳሪፍ፣ ገሚሳችን በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት፣ ገሚሳችን ወደ ካይሮ ተበትነናል። ለተለዩን ነፍስ ይማር፤ በሩቅ ላሉት እግዚአብሔር መገናኛውን ያቅርብልን።

ኮሚቴው ስለ ልጆቻችን ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ ባለሱቅ ሰው ስለ ስኳርና ዘይት ዋጋ እንጂ ስለ ልጆች ትምህርት ምን ያውቃል ብዬ ነበር። በኋላ ግን ከሱቄ ከተረፉት ጥቂት ነገሮች መካከል አንድ እሽግ አሮጌ መጽሔት ትዝ አለኝ። መሐል ካርቱም በየወሩ ይዘረጋ ከነበረው «መፍሩሽ» ከሚባለው የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ የሰበሰብኩት ነው። የወሰዱት ሰዎች ዱቄቱን ወሰዱ፣ ሚዛኑን ወሰዱ፤ ወረቀት የሚፈልግ ግን አልነበረም። ከእሽጉ ውስጥ አንዱ «ፉም» የሚባል የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። እንግሊዝኛዬ የሁለተኛ ደረጃ ስለሆነ የከበደኝን የእህቴ ልጅ አነበበልኝ።

ፉም በአሜሪካ የማርቭል ኩባንያ ያሳትመው የነበረ ነው። ስሙ ሲተረጎም «የአሮጌው ማርቭል ወዳጆች» እንደማለት ነው። ከ1973 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ 22 ቁጥሮች ወጥተዋል። የመጀመሪያዎቹን አራት ያዘጋጀው ጂም ስቴራንኮ የተባለው ታዋቂ ሠዓሊ ነበር። አባል የሆነ ልጅ ከመጽሔቱ ጋር የአባልነት መታወቂያ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ሥዕልና ተለጣፊ ምስሎች ይላኩለት ነበር። በመጽሔቱ ውስጥ ስለ ሸረሪት ሰውና ስለ ሌሎቹ ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች፣ ስለ ሠዓሊዎቹና ወደፊት ስለሚወጡት ታሪኮች ይጻፋል።

እኔ ነጋዴ ነኝና ማስታወቂያ ሳይ አውቃለሁ። ይህ መጽሔት ከዳር እስከ ዳር ማስታወቂያ ነው፤ ዓላማው ልጁ በሚቀጥለው ወርም ሳንቲሙን ይዞ እንዲመጣ ነው። በዚህ አልፈርድም፤ እኛም ለደንበኛ ልጅ ከረሜላ እንመርቃለን። ነገር ግን ይህ ማስታወቂያ ሌላው የማይሠራውን አንድ ነገር ሠርቷል። ለአንባቢዎቹ ውድድር አውጥቶ «የራሳችሁን ጀግና ፈጥራችሁ ላኩልን» አላቸው። እስከ ትናንት ገዢ ብቻ የነበረ ልጅ እርሳስ አንሥቶ ሠሪ ሆነ።

በዓረብ አገርም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሱፐርማን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤይሩት ውስጥ በዓረብኛ ታትሟል። አሳታሚዎቹ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ ሥዕሉን እንደ መስተዋት ገለበጡት፤ ክላርክ ኬንት የሚባለውንም ሰውዬ «ነቢል ፈውዚ» አሉት። ባትማን የሚሆነው ብሩስ ዌይን ደግሞ «ሱብሒ» ተባለ። የዓረብ ልጅ ስሙን የሚመስል ጀግና አገኘ፤ ከተማውና ፎቁ ግን የአሜሪካ እንደሆነ ቀረ።

ሱዳኖች ከዚያ በፊት የራሳቸውን ሠርተዋል። «አስ-ሲብያን» የተባለው የልጆች መጽሔት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ ሲሆን፣ «ዓምከ ተንጎ» የሚባለው አስቂኝ ሰውዬ ዕድሜው ከፍ ያለ ሱዳናዊን ሁሉ ያስቃል። ይህን ሰውዬ ከሣሉት መካከል አንዱ ብዙዎቻችሁ በዘፈን የምታውቁት፣ የሱዳን ጃዝ ንጉሥ የሚባለው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። ዓምከ ተንጎ በሰማይ አይበርም፤ የሰፈር ሰው ነው። ሆኖም ልጆቹ የራሳቸውን አገር ሰው በወረቀት ላይ አዩት።

በእኛም ቋንቋ ተጀምሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. በሥራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ አማካይነት «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ተምሮ ተመርቆ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ሥራ ፈላጊ ጀግና! ይህንን የእህቴ ልጅ ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁሉም የበለጠ እውነት ያለው እሱ ሆኖ አገኘሁት። የእኛን ሰው የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልጆች ልምጣ። ካርቱም የተወለዱ ልጆቻችን በዓረብኛ ይጫወታሉ፣ በአማርኛ ይቆጣሉ፣ በሁለቱም ያልማሉ። ነቢል ፈውዚ ሙሉ በሙሉ የእነሱ አይደለም፤ አዲስ አበባን ያላየ ልጅ አማኑኤል ጥላሁንንም ከሩቅ ነው የሚያየው። ባለፈው ወር በአማርኛ ትምህርት ክፍላችን ልጆቹ «ጀግናችሁን ሣሉ» ተብለው ነበር። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ረክሻ ሣለ። ረክሻው ክንፍ የለውም፤ ኃይሉ ፍተሻ ላይ ወታደሮች አያዩትም። ሰዎችን ጭኖ ከካርቱም ገላባት ድረስ ይወስድና ሌሎችን ለማምጣት ይመለሳል። አንዲት ልጅ ደግሞ ሻይ ሻጭ ሴት ሣለች፤ ከምድጃዋ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የጠፋበት ዘመዱ የት እንዳለ በጭሱ ውስጥ ይታየዋል። ወገኖቼ፣ እነዚህን ታሪኮች ከልጆቻችን በቀር ማን ሊጽፋቸው ይችላል? እኛ ትልልቆቹ ስለዚያ መንገድ ማውራት አቅቶን ዝም ባልንበት፣ ልጆቹ በእርሳስ ተናገሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በዚያ በፉም ውድድር አሸናፊ የሆነው ጀግና ከኩባንያው ታሪኮች በአንዱ ውስጥ እንደሚወጣ ቃል ተገብቶ ነበር። «ሂዩመስ ሴፒየን» የተባለው ያ ጀግና ግን የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው፤ 28 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። በ28 ዓመት ልጅ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ይዳራል። ለኩባንያው ትንሽ ነገር ነበር፤ ለጠበቀው ሰው ግን ትንሽ አይደለም። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ከባድ ተረት ነው፤ እኛ የወለድናቸውን ለማትረፍ ስንል አገር ያቋረጥን ሰዎች ነንና አፌን ሞልቼ ለማለት እፈራለሁ። ሆኖም የተረቱን ቁም ነገር እንያዝ። ሻይ ሻጯን የሣለችው ልጅ «በመጽሔቱ ላይ ይወጣል» ስትባል መጀመሪያ የጠየቀችው «በስንት ቀን?» ብላ ነው። ብዙ «ነገ እንመለሳለን» የሰማች ልጅ ናት።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ውስጥ ቢያንስ አራት ገጽ ለልጆች ይሰጥ። ሥዕላቸው ከነጽሑፋቸው፣ የአማርኛ ስሕተታቸው ሳይቀር፣ እንዳለ ይታተም። በገዳሪፍ፣ በካይሮና በአገር ቤት ያሉት ልጆችም በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩ። የወረቀቱ ወጪ ከማስታወቂያ ገጾች ሊሸፈን ይችላል፤ የእኔን ሱቅ ማስታወቂያ አስቀድማችሁ ብትሰርዙት ቅር አይለኝም። ገጹ ከጠበበ ደግሞ የእኛ የትልልቆቹ ንግግር ይጠር፤ ከእኔው ጀምሩ።

ልጆቼ፣ እናንተም አንድ አደራ አለባችሁ። ጀግናችሁ ማንም ይሁን ማን፣ ስሙን በአማርኛ ፊደል ጻፉት። የቀረውን እኛ እናደርጋለን።

ለሁላችንም መጪውን ዘመን የሰላምና የመሰባሰብ ያድርግልን።