ክሎዛፒን፦ አስፈሪው መድኃኒትና ጠባቂው የደም ቆጠራ



የመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ አንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት እንዲያዳምጥ ሲጠራ፣ ርእሱ ከሙያው ወሰን የወጣ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ክሎዛፒን የተባለው መድኃኒት ታሪክ በመሠረቱ አደገኛ ኃይል ያለው ነገር እንዴት ተጠብቆ ለሰው ጥቅም እንደሚውል የሚያሳይ ታሪክ ነው። የእንፋሎት ቦይለር ያለ ግፊት መለኪያና ያለ ደኅንነት ቫልቭ ሊሠራበት እንደማይገባ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ይህም መድኃኒት መለኪያ ሳይኖረው ሰው ገድሏል፤ መለኪያው ከተበጀለት በኋላ ግን ሌላ መድኃኒት ሊረዳቸው ያልቻለ ብዙ ሕሙማንን ወደ ቤታቸው መልሷል። የዚህ ንግግር ዓላማ መድኃኒቱ ምን እንደሚያክም፣ ከምን ጋር እንደማይስማማና ከጉዳቱ እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል መግለጽ ነው። ከዚህም ጋር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም አንድ የጥበቃ ሥርዓት የሚመዘነው በሚጠብቀው ነገር ብቻ ነው ወይስ ሳያይ በሚያልፈውም ጭምር ነው? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት፣ ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ በሚይዝበት ዕድሜ ነው። ሕመምተኛው ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ የሚከታተሉትና የሚያሤሩበት ሰዎች እንዳሉ ያምናል፤ አሳቡ ይበታተናል፤ ከሰውና ከሥራ ይሸሻል። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው ውጤታማ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ነበር። ይህ ቅመም በፈረንሳይ አገር በ1950 መጨረሻ ተሠርቶ፣ በ1952 ዣን ደሌና ፒየር ዴኒከር የተባሉ ሐኪሞች በፓሪሱ ሴንት አን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሃሎፔሪዶል ተከተለ። ሁለቱም በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ መድኃኒቶች ናቸው። የሚሠሩትም ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ ቅመም ተግባር በመግታት ነው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሰውነትን ያደርቃሉ፣ እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ተቀምጦ ማረፍንም ይከለክላሉ። ከዚህም በላይ ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል ከእነርሱ በቂ ጥቅም አያገኝም።

ክሎዛፒን የተሠራው በ1958 በስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ በሚገኘው ቫንደር የተባለ ኩባንያ ውስጥ ነው። ሐኪሞች በሞከሩት ጊዜ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ፤ መድኃኒቱ ሕመሙን እያቀለለ የሰውነት መድረቅን እምብዛም አያመጣም ነበር። በዚያን ዘመን ብዙዎች የሰውነት መድረቅ የመድኃኒቱ መሥራት ምልክት ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ ይህ መልካም ጠባይ ራሱ ጥርጣሬን አመጣበት። ያም ሆኖ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ለሽያጭ ቀረበ።

በ1975 መድኃኒቱ ፊንላንድ ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ በርከት ባሉ ሕሙማን ላይ ከባድ የደም ጉዳት ደረሰ፤ ስምንቱም ሞቱ። የሞታቸው ምክንያት አግራኑሎሳይቶሲስ የሚባለው ሁኔታ ነው። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚሠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ሰውነትን ከባክቴሪያ የሚከላከሉ ናቸው። እነዚህ ሲጠፉ ቀላል የጉሮሮ ቁስል ሰውን ለሞት ያበቃል። የጉዳቱ ክፋት በጸጥታ መምጣቱ ነው፤ ትኩሳቱ እስኪነሣ ድረስ ሕመምተኛው ምንም አይሰማውም። መድኃኒቱ በፊንላንድ ታገደ፤ በሌሎችም አገሮች ከገበያ ተነሣ ወይም አጠቃቀሙ እጅግ ተገደበ። ይሁንና መድኃኒቱ ሲቋረጥባቸው ሕመማቸው ክፉኛ ያገረሸባቸው ሰዎች ስለ ነበሩ፣ አንዳንድ ሐኪሞች ደም እየመረመሩ መስጠቱን ቀጠሉ። ዘግይቶ የተስፋፋው የጥበቃ ሥርዓት ዘር ይህ ነበር።

በ1988 በዩናይትድ ስቴትስ የተደረገ አንድ ጥናት ውጤት ታተመ። ለጥናቱ የተመረጡት 268 ሕሙማን ቀደም ሲል በሌሎች መድኃኒቶች ታክመው ያልተሻላቸው ነበሩ። ለስድስት ሳምንታት ገሚሱ ክሎዛፒን፣ ገሚሱ ክሎርፕሮማዚን ወሰዱ። ክሎዛፒን ከወሰዱት ከመቶ 30 ያህሉ ሲሻላቸው፣ ክሎርፕሮማዚን ከወሰዱት የተሻላቸው ከመቶ 4 ብቻ ነበሩ። በ1989 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ሲፈቅድ አንድ ጥብቅ ውል አሰረበት። ውሉም በአጭሩ ምርመራ ከሌለ መድኃኒት የለም የሚል ነበር። በየሳምንቱ ደም ይወሰዳል፤ ነጭ ሕዋሳት ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩ ከተወሰነው ወሰን በላይ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ የሚቀጥለው ሳምንት መድኃኒት ይሰጣል።

የዚህ ውል ፍሬ በቁጥር ታይቷል። በ1993 በታተመ ዘገባ መሠረት በአሜሪካ መድኃኒቱን ከወሰዱት 11,555 ሰዎች መካከል በ73ቱ ላይ አግራኑሎሳይቶሲስ ደርሷል፤ ከእነዚህም የሞቱት 2 ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቆጠራው ጉዳቱ ጨርሶ እንዳይነሣ አለማድረጉ ነው። ያደረገው ነገር ጉዳቱ ገና ሲጀምር ማሳየትና መድኃኒቱ በጊዜ እንዲቆም ማስቻል ነው። አደጋው በይበልጥ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነም፣ በኋላ በወጣው የአሜሪካ ደንብ ምርመራው ለስድስት ወር በየሳምንቱ፣ ለቀጣዩ ስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ ወዲያ በወር አንድ ጊዜ እንዲሆን ተወሰነ።

ጥበቃ ግን ዋጋ አለው። መድኃኒቱ በአሜሪካ ገበያ ላይ ሲውል ከምርመራው ጋር ተጣምሮ ይሸጥ ስለ ነበር የአንድ ሕመምተኛ የዓመት ወጪ ወደ 9,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ይህም ክርክርና የፍርድ ቤት ክስ አስነሥቶ ምርመራውና መድኃኒቱ ተለያይተው እንዲሸጡ ሆነ። ከዋጋው ሌላ የወሰኑ አተማመን ጉዳይ አለ። መለኪያ ያለ ትክክለኛ ማመሳከሪያ እንደሚያሳስት መሐንዲስ ያውቃል። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ በሚወለዱ ብዙ ሰዎች ዘንድ የኒውትሮፊል ቁጥር በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ይህም ሕመም አይደለም፣ ሰውነትንም ለበሽታ አያጋልጥም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱት ቤተ እስራኤላውያን መካከልም በሐኪሞች ታይቷል። በአውሮፓውያን ደም ላይ የተተመነ ወሰን እንዲህ ያለውን ጤነኛ ሰው አደጋ ላይ እንዳለ ቆጥሮ መድኃኒቱን ይከለክለዋል። በ2015 የአሜሪካ ደንብ ለእነዚህ ሰዎች የተለየ ዝቅ ያለ ወሰን አወጣ፤ ይኸውም ለማስጀመር ከሌሎች በአንድ ማይክሮሊትር ደም 1,500 ኒውትሮፊል ሲጠየቅ ለእነርሱ 1,000 እንዲሆን ነው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የሚታከም ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ ይህን ጉዳይ ለሐኪሙ ማንሣቱ ተገቢ ነው።

መድኃኒቱ ከሌሎች ነገሮች ጋር ያለው ግንኙነት እንዲሁ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ክሎዛፒንን በጉበት ውስጥ የሚያፈርሰው በዋናነት አንድ ኢንዛይም ነው። የሲጋራ ጢስ ይህን ኢንዛይም ያበረታዋል፤ የሚያበረታውም ኒኮቲኑ ሳይሆን ከቃጠሎው የሚወጣው ቅመም ነው። ስለዚህ አጫሽ ሰው በደሙ ውስጥ የሚቀረው መድኃኒት አነስተኛ በመሆኑ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ማጨስ ወደተከለከለበት ሆስፒታል ሲገባ ኢንዛይሙ ይደክማል፤ የሚውጠው ክኒን ሳይለወጥ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት በአንድ ሳምንት ገደማ በግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ፣ መንገዳገድ፣ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊከተል ይችላል። ወጥቶ እንደገና ማጨስ ሲጀምር ደግሞ መጠኑ ይወርድና ሕመሙ ያገረሻል። ማጨስን መተው የሚመሰገን ነው፤ ሐኪም ሳያውቀው ሲሆን ግን ለዚህ ሕመምተኛ አደጋ ነው።

ቡና ከዚሁ ኢንዛይም ጋር የተያያዘ ነው። ካፌይን በዚያው መንገድ ስለሚፈርስ መድኃኒቱን ተሻምቶ በደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። አቦል፣ ቶናና በረካ እያለ ዘወትር የሚጠጣ ሰው የግድ እንዲተው አይፈለግም፤ የሚፈለገው ልማዱን በድንገት እንዳይጨምር ወይም እንዳያቋርጥና ሐኪሙም ልማዱን እንዲያውቅ ነው። ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉቮክሳሚን ደግሞ እጥፍ ድርብ ያበዛዋል። ከባድ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ራሳቸው የመድኃኒቱን መፍረስ ያዘገያሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒን ደግሞ የክሎዛፒንን መጠን ከመቀነሱ በላይ መቅኔን የሚጎዳ በመሆኑ ሁለቱን ማጣመር አይመከርም። አልኮልና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ማደንዘዙን ያባብሳሉ። ጫትም ዶፓሚንን ስለሚያነሣሣ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ሆድ የማድረቅ ጠባዩም ቀጥሎ ለሚነገረው አደጋ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ይህም የመጀመሪያውን ጥያቄ እንደገና ያነሣል። የደም ቆጠራው ነጭ ሕዋሳትን ይጠብቃል፤ አንጀትን ግን አያይም። ክሎዛፒን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። የሆድ ድርቀት ተራ ነገር ተብሎ ሲታለፍ አንጀት ይዘጋል፤ ሕመምተኛውም ሊሞት ይችላል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በዚህ ላይ ማስጠንቀቂያውን ያጠናከረው በ2020 ነው፤ ይህም መድኃኒቱ በዚያ አገር ከተፈቀደ 30 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ልብንም ቆጠራው አያይም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የልብ ጡንቻ መቆጣት ሊደርስ ስለሚችል የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠርና ከልክ ያለፈ የልብ ምት ችላ ሊባሉ አይገባም። የክብደት መጨመርና የስኳር በሽታም በዓመታት ውስጥ ቀስ ብለው የሚመጡ ናቸው። አስፈሪው አደጋ መለኪያ ስለተበጀለት ሁሉም ዓይን ወደ እርሱ ብቻ ሲመለከት፣ ሌሎቹ በሌላ በር ገቡ ማለት ነው።

በአወሳሰዱም በኩል ሥርዓት አለ። ሕክምናው የሚጀመረው በ12.5 ሚሊግራም ሲሆን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ300 እስከ 450 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ከ900 ሚሊግራም በላይ አይሰጥም። ዝግታው የደም ግፊት በድንገት እንዳይወርድ ነው። ለሁለት ቀናት ወይም ከዚያ በላይ የተቋረጠ ሕክምና ካቆመበት መጠን አይቀጥልም፤ በሐኪም ትእዛዝ እንደገና ከ12.5 ሚሊግራም ይጀመራል። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቆምም ሕመሙን በኃይል ይመልሰዋል።

ይህ ሁሉ አደጋ ከተዘረዘረ በኋላ ለምን ይሰጣል? ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ከፊንላንድ መጥቷል። ከ1996 እስከ 2006 ድረስ በዚያች አገር የነበሩ 66,881 የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን መዝገብ ተመርምሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ዝቅተኛ የሞት መጠን የታየው ክሎዛፒን በሚወስዱት ላይ ሆነ። ስምንት ሰው የቀበረችው አገር ራሷ ምስክር ሆነች። በ2003 የታተመ የ980 ሕሙማን ጥናትም መድኃኒቱ ራስን የመግደል ሙከራን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱን መስጠት አደጋ እንዳለው ሁሉ፣ ለሚያስፈልገው ሰው መንፈግም አደጋ አለው። የመጀመሪያው በመዝገብ ይጻፋል፤ ሁለተኛውን ግን የሚቆጥረው የለም። በ2025 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ቆጠራው ካልተመዘገበ መድኃኒት አይሰጥም የሚለውን አስገዳጅ ሥርዓት ያነሣው ጥበቃው ራሱ መድኃኒቱን ከሕመምተኛው የሚያርቅ እንቅፋት ሆኗል በማለት ነው። ቆጠራው ግን በሐኪሙ ኃላፊነት እንዲቀጥል አሁንም ይመከራል።

ለዚህ ማኅበር አባላት ከዚህ የሚደርስ ድርሻ አለ። ክሎዛፒን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ሆኖም የደም መቁጠሪያው መሣሪያ ተበላሽቶ በቆመበት፣ ኤሌክትሪኩ በሚቋረጥበት ወይም መለዋወጫ በታጣበት ላቦራቶሪ ዙሪያ ጠንቃቃ ሐኪም ሊያዝዘው አይደፍርም። መሣሪያውን የሚተክልና የሚጠግን፣ መስመሩን የሚዘረጋ መሐንዲስ ሳያውቀው የዚህ ሕክምና ባለድርሻ ነው። የሥራ ኃላፊ የሆነም መሐንዲስ መድኃኒቱን የሚወስድ ሠራተኛ ሲኖረው ለደም ምርመራ የሚወጣበትን ሰዓት ሊከለክለው አይገባም፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ ስለሚያበዛ ከሚሽከረከር ማሽንና ከመሪ አርቆ ቦታውን ጠብቆ ሊያቆየው ይገባል። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ተሰማኝ ያለ ዕለትም እስከ ነገ ታገሥ ሳይባል ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መላክ አለበት፤ በዚህ ጉዳይ አንድ ቀን ብዙ ነው።