አንድ ረድፍ ስንጫን ማን ይመልሳል?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነውና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ከመካከላችን ባንክ የሚሠራው፣ ጤና ቢሮ የሚሠራው፣ እዚሁ ቀርቶ የሚያስተምረውም ቢሆን፣ ዛሬ ስብሰባ ሲገባ ግድግዳው ላይ የሚጠብቀው ዳሽቦርድ ነው። የእኔም እንጀራ እሱው ነው። እስቲ ትንሽ ስለምትመስል፣ ግን ውሳኔ ስለምታጣምም አንድ ነገር ላጫውታችሁ፦ በተዋረድ የተደረደረ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ስንጫን፣ በገጹ ላይ ያሉት ሌሎች ግራፎች ምን ያደርጋሉ?

አዲስ አበባን እንውሰድ። 11 ክፍለ ከተሞች አሉ፤ በየሥራቸው ደግሞ ወረዳዎች። ይህን በማይክሮሶፍቱ ፓወር ቢአይ «ማትሪክስ» በሚባለው ሠንጠረዥ እናስቀምጠዋለን። ከቦሌ ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ስንነካ ወረዳዎቹ ይዘረዘራሉ፤ ይህ ብቻውን ሌላውን ግራፍ አይነካም። «ወረዳ 03» የሚለውን ስም ስንጫን ግን ሠንጠረዡ ለሌሎቹ መልእክት ይልካል። የሚልከውም «ወረዳ 03»ን ብቻ ሳይሆን «ቦሌ፣ ወረዳ 03» ብሎ ከነወላጁ ነው። ወረዳ 03 እኮ የካም ውስጥ አለ! የወረዳ ስም ብቻ የያዘ መምረጫ ለብቻው ብናስቀምጥ፣ «03»ን የመረጠ ሰው የየክፍለ ከተማውን ወረዳ 03 አንድ ላይ ተደምሮ ያያል፤ መደመሩንም ላያውቅ ይችላል።

መልእክቱ የደረሰው ግራፍስ? ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ማጣራት ነው፤ የተመረጠው ብቻ ይቀራል። ሁለተኛው ማድመቅ ነው፤ ጠቅላላው እንዳለ ሆኖ የተመረጠው ክፍል ደምቆ ይታያል። ሦስተኛው ዝም ማለት ነው። የዓምድ ግራፍ ሦስቱንም ይችላል፤ የመስመር ግራፍ ግን ማድመቅ አይሆንለትም። ምርጫውን የምናደርገው ሠንጠረዡን መርጠን፣ «ፎርማት» ከሚለው ሥር «ኤዲት ኢንተራክሽንስ»ን ስንከፍት በየግራፉ ራስ ላይ በሚወጡት ትንንሽ ምልክቶች ነው። ካልነካነው ፕሮግራሙ ራሱ ይወስንልናል። ያኔ ግራፎቻችን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይሆናሉ።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል። በአንዱ ከ100 ሕፃናት 90ው፣ በሌላው ከ900 ሕፃናት 450ው ተከትበዋል። በጠቅላላው 540 ከ1000፣ ማለትም 54 በመቶ ነው። አሁን የመጀመሪያውን ወረዳ እንጫን። «የተከተቡ» የሚለው ካርድ ተጣርቶ 90 ይላል። «ሊከተቡ የሚገባቸው» የሚለው ካርድ ዝም እንዲል ተደርጎ ከሆነ ግን አሁንም 1000 ነው። ስብሰባው ላይ ያለ ሰው በዓይኑ አካፍሎ «9 በመቶ!» ይላል። እውነቱ 90 በመቶ ነው። ከሁሉ የተሻለ የሠራው ወረዳ ይወቀሳል፤ 450 ሕፃናት ያልተከተቡበት ወረዳ ደግሞ ሳይታይ ያልፋል። ማንም አልዋሸም፤ ሁለቱም ካርዶች የያዙት ትክክለኛ ቁጥር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንቤ ይህ ነው፦ አካፋይና ተካፋይ አብረው ይጣሩ፣ ወይም አብረው ዝም ይበሉ።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ክፍለ ከተማ ሲጫን ይጣራ፣ ወረዳ ሲጫን ግን አይጣራ ማለት አይቻልም ወይ?» በምልክቶቹ አይቻልም፤ ምርጫው ለሠንጠረዡ በሙሉ ነው እንጂ ለየደረጃው አይደለም። በስሌቱ ውስጥ ግን ይቻላል። መልእክቱ ከነወላጁ ስለሚመጣ፣ «ሪሙቭ ፊልተርስ» በሚለው ትእዛዝ ወረዳውን ብቻ ብናነሳ ክፍለ ከተማው ይቀራል። ያኔ ቦሌ ወረዳ 03ን የተጫነ ሰው የቦሌን ጠቅላላ ያያል። ወረዳውን ከክፍለ ከተማው ጋር ለማነጻጸር የሚፈለገውም ይኸው ነው። ግን በግራፉ አናት ላይ «ቦሌ፣ በጠቅላላው» ተብሎ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ተመልካቹ የወረዳው ቁጥር ይመስለዋል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቹ ግራፍ መሥራቱን አሳምረው ይማራሉ። ሥራቸውን ስታርሙ ግን በቀለሙ ብቻ አትለፏቸው። አንድ ረድፍ ተጫኑና «አሁን ይሄ ቁጥር የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አለቃ የሆናችሁ ጓደኞቼም፣ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ኮምፒውተር መማር አያሻችሁም። ጀት ከመቁረጣችሁ፣ ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት «የተመረጠው ምንድን ነው? የትኛውስ ግራፍ ነው ያልተጣራው?» በሉ። መልስ ከጠፋ ውሳኔው ለነገ ይደር።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን!