አንበጣን በሣጥን ውስጥ ስለ ማርባት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«አንበጣ በገንዘብ ይገዛል» ብንለው የአገራችን ገበሬ መሳቁ አይቀርም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር እንሽላሊትና እስስት በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች የበረሃ አንበጣን ለእንስሶቻቸው ቀለብ ከሱቅ ይገዛሉ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ያረባሉ። ይኸውም ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በአፋር፥ በሶማሌና በወሎ ሰብልና ግጦሽ ያጠፋው ያው አንበጣ ነው።

አረባቡ እንዲህ ነው። ሣጥኑ አየር እንዲያገኝ አንዱ ወገን በወንፊት ሽቦ ይሸፈናል፤ ውስጡም በአምፑል ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ይሞቃል። 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ዕቃ እርጥብ አሸዋ ይቀመጣል። ሴቲቱ የሆዷን ጫፍ በአሸዋው ውስጥ ቀብራ እንቁላሏን ትጥላለች፤ በብዛት አብረው ያደጉት በአንድ ጊዜ የሚጥሉት ብዙውን ጊዜ ከ80 ያነሰ ነው። እንቁላሉም በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል።

ኩብኩባው ትኩስ ሣርና ፉርሽካ እየበላ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይገፍና በአንድ ወር ገደማ ክንፍ ያወጣል። ቆዳውን የሚገፈው ተንጠልጥሎ ስለ ሆነ ጭራሮ ይቆምለታል፤ ቦታ ካጣ ክንፉ ተጣምሞ ይቀራል። አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ የሣጥኑ አየር ደረቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ምግቡ ይሻግታል። አንበጣው ካልሲየም ስለሚያንሰው ለእንሽላሊቱ ሲሰጥ የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ይህ ከቀረ የእንሽላሊቱ አጥንት ይለሰልሳል።

«ታዲያ መንጋው ሲመጣ ከሜዳ ለቅሞ መስጠት አይቀልም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም፤ በመንጋው ላይ መርዝ ተረጭቶበት ሊሆን ስለሚችል የበላውን እንስሳ ይጎዳል።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ ይህ ነው። የአርቢው ሣጥን የቀን መቁጠሪያ ነው። ሁለት ሳምንት በእንቁላል፥ አንድ ወር በእግር፥ ከዚያ በኋላ በክንፍ። በሜዳ ብርድ ካለ ጊዜው ይረዝማል፤ ተራው ግን አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬውና መንግሥት አንበጣውን መሬት ላይ ሳለ ለመያዝ ያላቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ ነፋስ ተከትሎ በአንድ ቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የሚከተለው አውሮፕላን ነው።

በየመኝታ ቤታችን የበረሃ አንበጣ እናርባ አልልም፤ ሰብሉን ያጣ ጎረቤት እንደ ጨዋታ አያየውም። ነገር ግን ከግቢያችን ሣር የሚገኘውን ተራ ፌንጣ ክዳኑ በደንብ በሚዘጋ ሣጥን አርብተን፥ እንቁላሉ የተጣለበትን፥ የተፈለፈለበትንና ክንፍ ያወጣበትን ቀን በደብተር ብንጽፍ፥ ነገ በየወረዳው ስንመደብ ኩብኩባ ያየ ገበሬ ሲጮህ «ስንት ቀን ቀረን?» ብለን መጠየቅን እንለምዳለን።