ለስልካችንም ዳጉ ያስፈልገናል

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ገንዘባችን ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ተከተለ። በልብሳችን ጫፍ ቋጥረን የምንይዘው ብር ወደ ስልካችን ገባ። ጥቅሙን አንክድም። ፍየል የሸጠች እህት ብር ተሸክማ በመኪና ከመንገላታት ድናለች፤ ልጇ አዲስ አበባ ቢታመምም በደቂቃ ትደርስለታለች።

ሌባውም ግን መንገዱን ቀየረ። አንዱ «ዕጣ ደርሶሻል» ይላል። ሌላው የውሸት መልእክት ልኮ «በስህተት ብር ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ» ብሎ ይለምናል። ሦስተኛው ከድርጅቱ የደወለ መስሎ «አሁን የገባልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ይላል። ያ ቁጥር የሣጥናችን ቁልፍ ነው።

በወረቀት ላይ ጥበቃ አለን። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የአገሪቱን የሳይበር ደህንነት ይከታተላል። ብሔራዊ ባንክም ባንኮችና የገንዘብ አገልግሎት ሰጪዎች የደንበኛን አቤቱታ ተቀብለው መልስ እንዲሰጡ ያዛል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

ችግሩ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መምጣቱ ነው። ማንበብ የማትችል እናት መልእክቱን ለልጇ ወይም ለባለሱቁ ትሰጣለች። ገንዘብ ስትልክም የሚስጥር ቁጥሯን ጮክ ብላ ትናገራለች፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይሰማል። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው ቁጥሩን ራሷ መጫን ለምትችል ነው።

የአፋር ሕዝብ ግን ወሬን ማጣራት ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ። ሰሚው «በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከማን?» ብሎ ይጠይቃል። ሐሰት የሚያቀብል ሰው ከበሬታ ያጣል። ስልክ ሲደወልልንም ይህንኑ እንጠይቅ፤ ማነህ? ከየት ነህ? ከዚያ ስልኩን ዘግተን በራሳችን እጅ ለቴሌብር በ127፣ ለንግድ ባንክ በ951 እንደውል።

ይህን ብቻችንን አንችለውም። ስለዚህ እንጠይቃለን።

የቴሌኮም ድርጅቶችና ባንኮች ማስጠንቀቂያቸውን በአፋርኛም በአማርኛም በድምፅ ያሰሙን። በገበያችን ያሉ ወኪሎቻቸው የደንበኛን ሚስጥር ቁጥር እንዳይጠይቁ፣ ደንበኛዋ ስትጫንም ፊታቸውን እንዲያዞሩ ያሠልጥኑልን።

የከተማችን ፖሊስ እንዲህ ያለ አቤቱታ የሚቀበል፣ በአፋርኛ የሚያናግርና ወዲያው ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኘን አንድ ሰው ይመድብልን። የተወሰደ ብር ከእጅ ወደ እጅ ቶሎ ስለሚተላለፍ፣ «ነገ ተመለሺ» ከተባልን አለቀ።

ለጋሾቻችን ደግሞ ስልክ ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥር ማስተማሩን ደግፉልን። ከ0 እስከ 9 ያሉትን ለይታ የምትጫን እናት ሣጥኗን በራሷ እጅ ትቆልፋለች።

እኛም ድርሻችንን እናዋጣለን። በየቁጠባ ስብሰባችን መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ለዚህ ዳጉ እንመድብ፤ የተደወለላት ምን እንደተባለች ትናገር፣ ሌሎቹ ይስሙ። የተታለለች እህት አትሳቅባት፤ ካፈረች ዝም ትላለች፣ እርሷ ዝም ስትል ሌባው ወደ ቀጣይዋ ይደውላል። የመጣውንም መልእክት አታጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ነው።

በእጃችን ያለው ብር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን የልጅ ደብተር፣ የበሽተኛ መድኃኒት፣ የክረምት እህል የሚገዛው በእርሱ ነው። እንጠብቀው።