ማርሽ የሚሰጠውና የሚወስደው
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለጉዳይ ወደ አዳማ፥ ማለት ናዝሬት ትባል ወደ ነበረችው ከተማ፥ ወርጄ ሳለሁ ከአንድ ጋራዥ በር ላይ አንድ ወጣት ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋር ሲነጋገር ሰማሁ። ወጣቱ ሁለት ወንበር ብቻ ያላትን አንዲት አሮጌ የስፖርት አውቶሞቢል ገዝቶ ኖሮ፥ «አባባ፥ ከተነሣሁበት እንደ ጥይት እንድትወነጨፍልኝ፥ ሜዳውን ስይዝም አሁን ከምትሮጠው የበለጠ እንድትሮጥልኝ ማርሿን ይለውጡልኝ» ይላቸዋል። ሽማግሌውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ ማርሽ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይሰጥም፤ አንዱን ሲሰጥህ ሌላውን ይወስድብሃል» አሉት።

ይህ አጭር መልስ ከብዙ ትምህርት የሚቆጠር ነው። ከመካከላችን በየማለዳው አውቶሞቢል አስነሥቶ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድ፥ በመንገዱም ላይ ከመቶ ጊዜ በላይ ማርሽ የሚለውጥ አያሌ ሰው አለ። ነገር ግን እጁ ያንን ዘንግ ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅስ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ጥቂት ነው። ባለማወቁም ነዳጁን ያባክናል፥ ሞተሩን ያደክማል፥ ከዚህም የከፋ ሲሆን ነፍሱንና የሌላውን ሰው ነፍስ ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ በዛሬው ንግግሬ የማርሽን ነገር በሚቻለኝ መጠን ላስረዳችሁ አስቤአለሁ።

በካምቢዮ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ባለ ጥርስ መንኰራኵሮች ናቸው። 10 ጥርስ ያለው ትንሽ መንኰራኵር 30 ጥርስ ያለውን ትልቁን ቢያዞረው፥ ትንሹ ሦስት ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ታዲያ ፍጥነቱ በሦስት ተከፈለ ማለት ነው። ነገር ግን የመጠምዘዝ ብርታቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ትልቁ ትንሹን የሚያዞር ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ፍጥነት ይገኛል፥ ብርታት ይጎድላል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይገባን ያስፈልጋል። ማርሽ ኃይልን አይፈጥርም። ይህን ለማስረዳት የመቶ ብር ኖትን ልመስል። መቶ ብር ይዞ ገበያ የሄደ ሰው በአሥር አሥር ብር ቢዘረዝረው የኖቱ ቍጥር ይበዛለታል እንጂ ሀብቱ አይጨምርም። እንዲሁም ሞተሩ የሚሰጠውን ማርሽ በብዙ ብርታትና በጥቂት ፍጥነት፥ ወይም በጥቂት ብርታትና በብዙ ፍጥነት ይዘረዝረዋል። ሲዘረዝርም ከጥርሶቹ መፋተግ የተነሣ ጥቂት ኮሚሲዮን ለራሱ ያስቀራል።

ይህ ነገር በቍጥር ሲታይ የበለጠ ይገለጣልና፥ ወጣቱ ገዝቷት የነበረችውን ዓይነት አውቶሞቢል እንመልከት። ይህች እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የወጣችው የጃፓን ሥራ፥ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የምትባለው ናት። በባለ 1.6 ሊትር ሞተሯ ላይ የተገጠመው ካምቢዮ አምስት ማርሽ አለው። ልካቸውም ከአንደኛው ጀምሮ 3.136፥ 1.888፥ 1.330፥ 1.000 እና 0.814 ነው። ከካምቢዮው ወዲያ ያለው ዲፈረንሻል ደግሞ እያንዳንዱን በ4.3 ያበዛዋል። ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 13 ተኩል ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በአምስተኛው ግን ሞተሩ ሦስት ተኩል ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል።

የጎማዋ ዙሪያ 1 ሜትር ከ81 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 7000 ጊዜ ሲዞር፥ ይህም ሊደርስበት ከሚገባው ወሰን ግድም ሲሆን፥ በአንደኛ ማርሽ በሰዓት 57 ኪሎ ሜትር፥ በሁለተኛው 94፥ በሦስተኛው 133፥ በአራተኛው 177 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። በአንጻሩ ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ብርታት በአንደኛው ማርሽ በአምስተኛው ከሚያገኘው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከቆመችበት ስትነሣ ሰውን ከወንበሩ ጋር የምታጣብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ፍጥነት መጨመር ማለት ግፊቱ ለክብደቱ ሲካፈል የሚገኘው ነውና፥ ቀላል አካልና ከባድ ማርሽ ሲገናኙ አውቶሞቢል ይወነጨፋል።

ታዲያ በአምስተኛው ማርሽ በዚያው ሒሳብ ሲታሰብ 218 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ዳሩ ግን ይህች አውቶሞቢል በሜዳ ላይ 200 እንኳ አትደርስም። ስለ ምን ቢባል፥ የነፋስ ተቃውሞ በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ነው። ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ የነፋሱ ተቃውሞ በ44 በመቶ ይጨምራል። እርሱን ለመቋቋም ከሞተሩ የሚፈለገው ኃይል ግን በ73 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የመጨረሻው ማርሽ ለሩጫ ውድድር ሳይሆን፥ ሞተሩ በቀስታ እየዞረ ነዳጅ እንዲቆጥብ የተሠራ ነው። ማርሽ ወደ ላይ በተለወጠ ቍጥር አውቶሞቢል ይፈጥናል ብሎ የሚያስብ ሰው እንግዲህ ከዚህ ላይ ይሳሳታል።

የስፖርት አውቶሞቢል ከሌላው የሚለየው በሞተሩ ብርታት ብቻ አይደለም። ማርሾቿ እርስ በርሳቸው የተቀራረቡ መሆናቸውም ነው። ሁላችንም የምናውቃትን፥ በአዲስ አበባም በአዳማም ጎዳና ለብዙ ዘመን ያገለገለችውን ባለ 1200 ቮልስ ዋገን ለንጽጽር እናምጣት። የእርሷ አራት ማርሾች 3.80፥ 2.06፥ 1.32 እና 0.89 ናቸው። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሲለወጥ የሞተሯ ዙር በሲሶ ያህል ይወርዳል። በማዝዳዋ ግን የሚወርደው በሩብ ነው። ዙሩ ብዙ ካልወረደ ሞተሩ ብርቱ ከሆነበት ሥፍራ ሳይርቅ ይቀጥላል። ቮልሷ ግን በየለውጡ ትንፋሿን እንደገና መሰብሰብ ይኖርባታል።

አሁን ወደ ሽማግሌው መልስ እንመለስ። ወጣቱ ዲፈረንሻሉን አስለውጦ ልኩን ከፍ ቢያደርገው ከተነሣበት ፈጥኖ ይወነጨፋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ማርሽ የሚደርስበት ፍጥነት በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። የማዝዳ መሐንዲሶች ራሳቸው በኋላ 1.8 ሊትር የሆነ ብርቱ ሞተር በገጠሙላት ጊዜ፥ ዲፈረንሻሉን ከ4.3 ወደ 4.1 ዝቅ አድርገውታል። ሞተሩ ሲበረታ ማርሹ የሚያግዘው ነገር ቀነሰ ማለት ነው።

በአገራችን ደግሞ ሌላ የሚታሰብ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ፥ አዳማም ከ1600 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይገኛሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነውና፥ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ስለዚህ ያ የስፖርት አውቶሞቢል በአዳማ 15፥ በአዲስ አበባ 20 በመቶ ያህል ኃይሉን አጥቶ ይሄዳል። ሆኖም ያው ስስ አየር በሩጫ ጊዜ የሚሰጠው ተቃውሞም አነስተኛ ስለ ሆነ፥ ከፍታ የሚጎዳው ይልቁንም የመወንጨፍ ችሎታን ነው። ይህን ጉድለት በማርሽ ለመሙላት የፈለገ ሰው 4.3 የነበረውን ዲፈረንሻል ወደ 5.4 ሊያደርሰው ነው። ያን ጊዜ በአምስተኛ ማርሽ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 3200 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር 4000 ጊዜ ይዞራል። ጩኸቱም፥ ነዳጁም፥ የሞተሩም ማርጀት አብሮ ይመጣል። መቶ ብሩ ዘጠና ከሆነ ወዲህ እንዴት ቢዘረዘር መቶ አይሆንም።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ የሆነውን ለማየት ከአዳማ መራቅ አያስፈልግም። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ትራክተር ኃይሉን ሁሉ በብርታት የሚዘረዝር መኪና ነው። ሲያርስ ከሰው እርምጃ እጅግም አይፈጥንም፤ ነገር ግን ማረሻውን በጠንካራው አፈር ውስጥ ይጎትታል። ኃይሉ ከስፖርቷ አውቶሞቢል ያነሰ ትራክተር እርሷ የማትነቀንቀውን ይጎትታል። ሁለቱን የለያቸው ከክብደትና ከጎማ ጋር ይህ የማርሽ ልክ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ እስካሁን ስለ መሮጥ ተናገርሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ መውረድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሚኒባስ ከአሰላ ወደ አዳማ እሄድ ነበር። መንገዱ በኢተያና በዴራ አድርጎ በመልካሳ አጠገብ አዋሽን እስኪሻገር ድረስ 800 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ሾፌራችን ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ በፍሬን ብቻ ይወርድ ጀመር። ጥቂት እንደ ሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ፍሬኑን ቢረግጠው እንደ ቀድሞው አልያዘለትም። ማርሽ ለማስገባት ቢሞክርም ፍጥነቱ በዝቶ ስለ ነበር ጥርሱ እየጮኸ እምቢ አለው። አንዲት እናት ልጃቸውን እቅፍ አድርገው ጸሎት ሲያደርሱ አሁንም በዓይኔ ይታየኛል። ደግነቱ መንገዱ ሜዳማ ወደ ሆነ ሥፍራ ስለ ደረሰ ሚኒባሱ በእጅ ፍሬን እየተንገዳገደ ቆመ። ያ ሜዳ አንድ ኪሎ ሜትር ቢርቅ ኖሮ ይህን ንግግር ሌላ ሰው ባደረገው ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? 25 ኩንታል የሚመዝን ሚኒባስ 800 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት፥ ከ50 ሊትር የበለጠ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችላል። ከዚህ ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል። የቀረውን ግን አንድ የሚሸከመው መገኘት አለበት። ማርሽ ከወጣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ከባድ ማርሽ ከገባ ግን ጎማው ሞተሩን በግድ ያዞረዋል፥ ሞተሩም ይይዘዋል። ሽቅብ ሲወጣ የሚረዳው ያው የማርሽ ልክ ቁልቁል ሲወረድም ልጓም ይሆናል ማለት ነው። የነዳጁም ቁጠባ ቢሆን ከንቱ ነው። በአሁኑ ጊዜ ያሉት ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ ያላቸው ሞተሮች፥ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ይቈርጡታል። ዜሮ ላይ ሲሆኑ ግን እንዳይጠፉ ሲሉ ጥቂት ጥቂት ያቃጥላሉ። ስለዚህ ያ ሾፌር በነፍሳችን ሊገዛ ያሰበው ቁጠባ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንዳንድ አድማጭ፥ «ማርሽ የሚባለው ነገር እኮ ሊቀር ነው» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፥ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች እየበዙ ሄደዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከቆመበት ሙሉ ብርታቱን ይሰጣል፥ በደቂቃም ከ10000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ለብዙዎቹ አንድ የማይለወጥ የማርሽ ልክ ይበቃቸዋል። ቁልቁለትም ሲወርዱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ሊባክን የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ያ አንዱ ልክ ራሱ በመሐንዲሶች ዘንድ የተመረጠው በመወንጨፍና በመሮጥ መካከል በማመዛዘን ነው። የማርሽ ዘንግ ከእጃችን ቢጠፋም ሕጉ አልጠፋም።

እንግዲህ ከዚህ ንግግር ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፥ ስንነሣና ዳገት ስንወጣ በጊዜ ከባድ ማርሽ እናስገባ፤ ሞተሩ እስኪንቀጠቀጥ አንጠብቅ። ሁለተኛ፥ ሜዳውን ስንይዝ፥ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ2014 በተከፈተው በአዲስ አበባና በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፥ ማርሹን አቅልለን በተፈቀደው ፍጥነት እንሂድ። ሦስተኛ፥ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ እናስገባ፤ ማርሽ አውጥቶ መውረድንም ከቶ አንልመድ። የተሳፈርንበት ሾፌር እንዲህ ሲያደርግ ብናይ ዝም አንበል። በትሕትና፥ «ወንድሜ፥ ማርሽ አስገባ» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ቀን ሽታው እስኪመጣ ድረስ አይቼ ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ከጋራዡ በር ስለይ ወጣቱ በአሳብ ተውጦ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ግን፥ «ከመለወጥህ በፊት ባለህ ማርሽ መንዳትን ልመድ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።